ማንም ሳይሞት የተነፋው ጡሩምባ

ማክሰኞ፣ ሥላሴ

ብዕሩን የያዘችው በላይነሽ ናት፣ ሚስቴ። መሠረተ ትምህርት ገብታ የተመረቀችው እሷ ናት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፈርኩበትምም። የእድራችንን ጡሩምባ የምነፋው ግን እኔ ደምሴ ነኝ። ሰው ሲሞት ንጋት ላይ ዞሬ፣ ነፍቼ፣ ስሙን ካልጠራሁ ከወሎ ሰፈር በታች ቀብር የሚወጣ የለም። ይቺን አትዝለያት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትናንት በላይነሽን መኪና ሊገድላት ነበር። ከወፍጮ ቤት ስትመለስ አንድ ላንድሮቨር ግራ ክንዷን ገጭቷት አለፈ። ክንዷ እንደ ዳቦ አብጧል። ጥፋቷ ምንድን ነው? መሐል መንገድ መሄዷ። በየት ትሂድ ታዲያ? የአሰብ መስመር ከባድ መኪናዎች የሰፈራችን ጋራዥ ለጥገና ተራ እስኪሰጣቸው በግራም በቀኝም ተሳቢያቸውን ገትረው ዳሩን ዘግተውታል። ተማሪው፣ አሮጊቷ፣ እርጉዟ፣ ሁሉም መሐል ለመሐል ከሚበር መኪና ጋር ይጋፋል።

የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። በቤቶቹ በኩል ባለው ዳር መኪና አይቁም። በቃ።

በላይነሽ «ቀስ በል፣ ያለኝ አንድ እጅ ነው» ትላለች።

ረቡዕ

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ የትናንት ልጅ ነው፤ ክርስትናው ላይ ጠላ ጠጥቻለሁ። ዛሬ «ጓድ ደምሴ» ይለኛል።

«ጓድ ደምሴ፣ መኪናዎቹ እኮ የአገር ንብረት የሚጭኑ ናቸው። ኢኮኖሚውን እናቁመው?»

«አታቁመው፤ ወደዚያ ማዶ አስጠጋው ነው ያልኩህ» አልኩት።

ጸሐፊው ሳቀ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። «ሕዝቡ አልጠየቀም። አንድ ሰው ደግሞ ሕዝብ አይደለም» ብሎ ሸኘኝ።

እንዲህ ተብዬ አላውቅም። ተናድጄ ራት ሳልበላ ተኛሁ። በላይነሽ «በልተሃል» ትላለች። ትንሽ ነው የበላሁት።

ሐሙስ

ቀበሌው እምቢ ካለ ብዬ ሹፌሮቹ ዘንድ ሄድኩ። ግርማ የሚባለው ባለ ወርቅ ጥርስ፣ «አባባ፣ ተሳቢውን የት ልውሰደው? በኪሴ ልያዘው?» አለኝ። ጓደኞቹ ተንከተከቱ። ከጋራዡ ጀርባ ባዶ ሜዳ አለ። አጥሩን ክፈትላቸው ብዬ የጋራዡን ባለቤት ብጠይቀው «ለማን ብዬ?» አለኝ።

ተናድጄ ስሄድ ግርማ ከኋላዬ ጮኸ። «አባባ፣ እኛ እኮ ክፉ አይደለንም! ሰው ሲሞት ለድንኳኑ ቦታ እንለቅ የለም?»

ቆምኩ። እውነቱን ነው። የእድር ድንኳን ሊተከል ነው ከተባለ ሹፌር ሳይለመን መኪናውን ያነሳል። ለሞተ ሰው መንገዱ ይለቀቃል፤ በእግሩ ለሚሄድ አይለቀቅም።

ማታ በላይነሽ «ምን አስበሃል? ፊትህ ደስ አይልም» አለችኝ። «ተኚ» አልኳት።

ዓርብ፣ መስቀል

ነፋሁት!

ንጋት ላይ ወጥቼ እስኪያልበኝ ነፋሁት። የማንንም ስም አልጠራሁም፤ አልዋሸሁም። «እድርተኛ፣ ወደ ጋራዡ መንገድ ውጣ! ስሙን እዚያው ትሰማለህ!» ነው ያልኩት።

ሰው ጎረፈ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። እነግርማ ከጋቢናቸው ዓይናቸውን እያሹ ሞተር አስነሱ፤ ሳይለመኑ አንድ በአንድ ዳሩን ለቀቁ። ስንት ዘመን ያላየሁትን የመንገዱን ጠርዝ አየሁት። ሣር በቅሎበታል።

«ማን ነው? ማን ሞተ?» ይላል ሰው ሁሉ።

ድንጋይ ላይ ወጣሁ። «ገና ነው! ሰኞ በላይነሽ ልትሆን ነበር፤ ተረፈች። ቀጥሎ ከእናንተ አንዱ ነው። ዳሩን እዩት! ለሬሳ የሚለቀቅ መንገድ በቁማችን ይለቀቅልን!»

 እሪ ብላ እያለቀሰች የመጣችው ጎረቤታችን ዘነበች፣ «አንተ ሽማግሌ፣ እንባዬን መልስ!» ብላ በጃንጥላዋ ጀርባዬን አቀመሰችኝ።

ወዲያው አብዮት ጥበቃዎች ደረሱ። ያለ ፈቃድ ሕዝብ ሰብስበሃል ብለው ያዙኝ። ዘንድሮ ይኼ ቀልድ አይደለም። በዚህ ተይዞ የት እንደደረሰ ያልታወቀ አለ። በላይነሽ ከንፈሯ ደረቀ። 

ሕዝቡ ግን ወደ ቤቱ አልገባም። ነጠላውን እንዳዘቀዘቀ ተከተለኝ። የቀበሌው ግቢ ጢም አለ። ዘነበች ከፊት ሆና ሊቀመንበሩን፣ «እሱን በእድራችን እኛው እንቀጣዋለን። አንተ ሰውየውንም መንገዱንም ልቀቅልን!» አለችው።

እኔም «ሕዝቡ አልጠየቀም ብለህ ነበር፤ ያውልህ!» አልኩት።

ግቢውን አየው፣ አየው፤ «ለእሑድ ስብሰባ ይቅረብ» ብሎ ለቀቀኝ። እድሩ ግን ጡሩምባዬን ወሰደብኝ።

ቅዳሜ፣ ሐና

መኪናዎቹ ተመልሰው ዳሩን ዘጉት።

የእድሩ ሽማግሌዎች ጠሩኝ። «ሰው ሳይሞት ጡሩምባ ሲነፋ ሰምተን አናውቅም። ነገ የእውነት ሞት ብትነፋ ማን አምኖህ ይወጣል?» አሉኝ።  «ስላስለቀስኳቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። ስለነፋሁት አልጠይቅም» ብዬ ባዶ እጄን ወጣሁ።

ነገ ሰው እጁን ባያነሳልኝስ? መያዜም፣ ጡሩምባዬም በከንቱ።

እሑድ፣ ሚካኤል

ስብሰባው እንደ ልማዱ በቅዳሴ ሰዓት ነው፤ ሚካኤል ይቅር ይበለን። አጀንዳው ብዙ ነበር። ግማሹ ሰው አንቀላፋ። የኛ ሲጠራ ሁሉም ነቃ።

ሊቀመንበሩ «የምትደግፉ?» አለ።

እጅ ሁሉ ተነሳ! በላይነሽ ያንን ያበጠ ክንዷን ነው ያነሳችው፤ ብቆጣት አልሰማችኝም። የጋራዡ ባለቤት ግራ ቀኙን አየና እሱም አነሳ። ተወሰነ። በቤቶቹ በኩል ቀንም ሌሊትም መኪና አይቆምም። ሜዳው ለከባድ መኪናዎቹ ይከፈታል።

ከሰዓት በኋላ በጠርዙ ድንጋይ ደርድረን ኖራ ቀባነው። ግርማ ራሱ ድንጋይ እየተሸከመ፣ «አባባ፣ ሁለተኛ ሰው ሳይሞት አይንፉብኝ፤ ልቤ ቀጥ ብሎ ነበር» አለኝ። ዘነበች ዳሩን ይዛ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። የምትገዛው ነገር የላትም።

አሸነፍኩ። ጻፊው፤ አታሳንሺው።

ጡሩምባዬ አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ ለወሩ ስብሰባ አቆይተውታል። ይመልሱልኝ እንደሆነ አላውቅም። ለሌላ ከሰጡትም ይስጡት፣ ሳንባ ያለው ካገኙ።

በይ አሁን አንብቢልኝ። ከመጀመሪያው አይደለም፤ እጅ ሁሉ ከተነሳበት ጀምሪ።