የግድግዳችንን ቁራጭ ለወሰደው ጽሕፈት ቤት

ለተከበሩ የቤቶች ኃይል ቁጠባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከሁለተኛው ፎቅ እስከ ጥበቃ ክፍሉ ያሉ ባልደረቦችዎም ሁሉ ጉንፋን ሳይነካችሁ እንደከረማችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ተስፋ አደርጋለሁ ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ በዚያ በቢሮአችሁ ሙቀት ውስጥ ጉንፋን ከየት ይመጣል። እኔ በተፈጥሮዬ ደስተኛ ሴት ነኝ፤ ጨዋታም እወዳለሁ፤ ደብዳቤው ቢረዝምብዎ እንደ ሻይ ዕረፍት ይቁጠሩልኝ።

የምጽፈው ለማመስገን ነው። ኃይል ቆጣቢ ቤት ለሁሉም የሚል በራሪ ወረቀት ስታድሉ ከሰፈራችን መጀመሪያ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱም ሰማንያ አንድ ዓመት የሞላቸው አባቴ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነው የሚኖሩት፤ ባለፈው የብርድ ወራት በሳንባ ሕመም ዐሥራ ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኝተው ወጥተዋል፤ ክፍላቸው ደግሞ ልስን እንኳ በቅጡ ያልነካው ብሎኬት ነው። ስለዚህ ለግድግዳው ሙቀት የሚይዝ ሽፋን መምረጥ ነበረብኝ፤ ምርጫውንም፣ ምን ልደብቅዎ፣ ወደድኩት። ፎም፣ የድንጋይ ሱፍ፣ የበግ ሱፍና የተፈጨ ወረቀት ከመደብር በናሙና አመጣሁና አራት የበረዶ ብርጭቆዎች ጠቅልዬባቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። አባቴ ሰዓታቸውን ፈትተው ዳኛ ሆኑ። የወረቀቱ በረዶ ቀድሞ ሲቀልጥ «ይሄማ ማመልከቻ የነበረ ወረቀት ነው፤ ምን ሊይዝ» አሉ። ፎሙ ተከተለው፤ ሁለቱ ሱፎች እኩል ወጡ፤ እሳቸው ግን «የበጉን ለበጉ ተዉለት፣ እሱም ይበርደዋል» ብለው ለድንጋዩ ፈረዱ። እንዲህ ተደስተን ነው ወደ እናንተ የመጣነው።

ከዚያ በኋላ ስለተደረገልን ነገር በቁጥር ላመስግን።

አንደኛ፤ ባለሙያዎ መጥተው «መጀመሪያ የግድግዳው ጠባይ በላቦራቶሪ ይታወቅ» አሉና ከአባቴ አልጋ ራስጌ አርባ በአርባ ሴንቲሜትር የሚሆን ቁራጭ ከውስጥ እስከ ውጭ ቆርጠው አወጡ። ቁራጩን እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጃቸው አቅፈው ሲሄዱ «ግፋ ቢል አንድ ሳምንት ነው» አሉን። እነሆ ስምንተኛው ወር ገባ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ለሚለው ተረት ታላቅ አክብሮት አለኝ፤ የእርስዎ ቢሮ እንቁላል ግን ገና የተጣለም አይመስለኝ። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል እሰማ ነበር፤ ለእኛው ዓይን ስለጨመራችሁለት አባቴ ትራሳቸው ላይ እንዳሉ ጎረቤት ልብስ ሲያሰጣ ያያሉ።

ሁለተኛ፤ ውጤቱ ሳይመጣ ቀዳዳውን የደፈነ ግንበኛ ፈቃዱ ይሰረዛል የሚል ባለ ቀይ ማኅተም ወረቀት ለጥፋችሁልናል። ግንበኛችን ያን ካነበበ ወዲህ መንገድ ቀይሯል፤ አንድ ቀን ይዤ ብለምነው «እህት ዓለም፣ ያንቺን ቀዳዳ ስደፍን የእኔ ቤት ይከፈታል» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ትራስ ወተፍኩበት። ባለፈው ማክሰኞ ለቁጥጥር የመጡት ባለሙያ ትራሱን ነቅለው ቅጻቸው ላይ «ያልተፈቀደ የሙቀት መከላከያ» ብለው መዘገቡት። ከሟች እናቴ የቀረ ትራስ ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም እንዲህ ያለ ማዕረግ ሰጥቶት አያውቅም።

ሦስተኛ፤ ቁራጩን አገኘሁት። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የመዝገብ ቤቱን በር እንዳይዘጋ ደግፎ ይይዛል። ቤታችን ሳለ ነፋስ ይከለክል ነበር፤ እናንተ ዘንድ ነፋስ እንዲገባ በር ይከፍታል፤ ሥራ አለመፍታቱ ደስ ብሎኛል። መዝገብ ያዧ እንዳስረዳችኝ ላቦራቶሪው ቁራጩን የሚቀበለው የሽፋኑ ዓይነት ቅጹ ላይ ሲሞላ ነው፤ የሽፋኑ ዓይነት የሚሞላው ደግሞ ከላቦራቶሪው ውጤት በኋላ ነው። «ገባሽ፣ እናቴ?» አለችኝ። ገብቶኛል አልኳት፤ በእርግጥም ገብቶኛል።

አራተኛም ነበረኝ፤ ረሳሁት። ቁጣ ነበረ መሰለኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ብርዱ ከገባ ወዲህ መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ ደሙን አይቼ ነው የማውቀው። ቁጣውም እንዲሁ ሆኖ ቀረ። አለ ይሆናል፤ አይሰማኝም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ብርዱ ከገባ ሁለት ሳምንቱ ነው። ሐኪሟ አባቴን «ነፋስ እንዳያገኛቸው፤ ቀን ቀን ደግሞ እንዳይተኙ፣ ቀጥ ብለው ይቀመጡ» ብላ ነበር የሸኘችን። ሌሊቱን በብርድ ልብስ ክምርና በሙቅ ውሃ እንወጣዋለን። ቀኑ ነው ያቃተን፤ ቤቱ ነፋሱን ከዳር እስከ ዳር ይጋራዋል፤ ሳሉም ተመልሷል። ባለፈው ሐሙስ የምተውለት ሰው ባጣ እናንተ ዘንድ ይዣቸው መጣሁ። መጠበቂያ ክፍላችሁ ወፍራም ግድግዳ፣ ድርብ መስኮት፣ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለ የምስጋና ወረቀትም አለው። አባቴ መጀመሪያ ኮፍያቸውን አወለቁ። ቀጥሎ ካፖርታቸውን። ከዚያ መዳፋቸውን ገልብጠው እያዩ «ልጄ፣ ጣቶቼ መጡ» አሉኝ። ሦስት ሰዓት ተቀመጥን፤ አንዴም አልሳሉም። ማንም አላስተናገደን፤ ለዚህም ከልብ አመሰግናለሁ፤ ቢያስተናግዱን ኖሮ ቶሎ እንወጣ ነበር።

ስለሆነም ከመጪው ሰኞ ጀምሮ፣ ግድግዳዬ እስኪደፈን ድረስ፣ አባቴን በር ሲከፈት አምጥቼ በር ሲዘጋ እወስዳቸዋለሁ። ባለጉዳይ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ መጠበቅ እንደሚችል የራሳችሁ ማስታወቂያ ይላል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይልም። ምሳቸውን እቋጥርላቸዋለሁ። መድኃኒታቸው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ አንድ ፍሬ፣ በብዙ ውሃ። ጠጣሁ ብለው ይዋሻሉና ሲውጡ ይታዩልኝ።

ለሙቀታችሁ ያለኝን ከፍ ያለ አድናቆት እየገለጽኩ፣ ከወንበርዎ ነፋስ እንዳይደርስብዎ እየተመኘሁ፣ በትሕትና እጅ የምነሳ፤

ግድግዳዋን በአደራ የሰጠችዎ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቅዳሜና እሑድ ዝግ መሆናችሁን አሁን አስታወስኩ። በነዚያ ሁለት ቀናት አባቴ ከእናንተ በማናችሁ ሳሎን እንደሚውሉ እስከ ዓርብ በጽሑፍ ይገለጽልኝ። መልሱ ካልደረሰኝ የቤትዎን አድራሻ የጥበቃው ሰው ነግሮኛል።