አዋጊዎች ይቀጡ

እሁድ፣ ሰኔ 8 ቀን 1978
ሱቅ ውዬ መጣሁ። በዝናቡ ምክንያት ገበያ የለም፤ ሳሙናና ክብሪት ብቻ። ሙዘይን በጉን «ሣር ላብላው» ብሎ ወደ ሜዳው ይዞት ወጣ። ሲመለሱ የበጉ ግንባር ደም በደም።
«ምን ሆነ?»
«አጥር ወጋው።»
አጥር ቀንድ አለው እንዴ? ባሌን አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ ጫማውን ያያል።

ሰኞ፣ ሰኔ 9
ጎረቤቴ ቶይባ ነገረችኝ። ለካ እሁድ እሁድ ከሌላ በግ ጋር ያዋጉታል... ሰፈሩ ያወቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ። ከጥር ጀምሮ በእጄ ፉርሽካ ያበላሁትን በግ። ለአረፋ፣ በሟች እናቴ ስም ላርደው በልቤ የነየትኩትን።
«ወንድ በግ ነው፣ መዋጋት ተፈጥሮው ነው» ይለኛል ሙዘይን ደግሞ።
«ተፈጥሮው ከሆነ ለምን ትገፉታላችሁ?»
ጫማውን አየ።

ዓርብ፣ ሰኔ 13
የበጉ ቁስል ወደ ቀኝ ዓይኑ ወርዶ ዓይኑ ጠፋ። ሼኹን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ዓይኑ የጠፋ ለአረፋ አይታረድም» አሉኝ። መንገድ ላይ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ። ንዴቱ ይሻላል።

እሁድ፣ ሰኔ 15
ቀበሌ ዋልን። የረቂቅ ሕገ መንግሥቱ ውይይት። ሊቀ መንበሩ ጓድ በዳሳ «የቀረ ሐሳብ ያለው?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። «በግም፣ ውሻም፣ ዶሮም እያዋጉ የሚጫወቱ አሉ። አዋጊዎች በሕግ ይቀጡ» አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ሙዘይን አንገቱን ደፋ። ጸሐፊው ዓምሃ ግን ጻፈ። ይሳቁ፤ ተጽፏል።

እሁድ፣ ሰኔ 22
ያ ረቢ። ዓምሃ የባለፈውን ቃለ ጉባኤ ሲያነብ «ጓድ ጀዊሪያ፦ አዋጊዎች በሕግ ይቀጡ።» በቃ። በጉ የለም፣ ውሻው የለም። ሰሜን ጦርነት እያለ፣ ጦር አዋጊዎቹ ይቀጡ ያልኩ መሰለ። ማንም አልሳቀም።
«የትኞቹ አዋጊዎች?» አሉ ጓድ በዳሳ፣ ቀስ ብለው።
ሙዘይን ክንዴን ያዘ። «አላልኩም በይ። ልጆች አሉን።»
እንዴት አላልኩም እላለሁ? ብዬ የለ?
ተነሳሁ። «ብያለሁ። ግን የበግ አዋጊዎችን ነው። በጉን የዋጠው ዓምሃ ነው።»
አንዲት ሴት ከኋላ ፈንድታ ሳቀች፤ ሌላውም ተከተለ። ጓድ በዳሳ ላባቸውን ጠርገው «እንግዲያው ይሰረዝና እንገላገል» አሉ።
«አይሰረዝም። የበግ፣ የውሻ፣ የዶሮ ተብሎ ይጨመር።»
ዓምሃ አጠገብ ቆሜ ጽፎ እስኪጨርስ ጠበቅኩ። ከሥሩ ፈረምኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23
ሙዘይን ማንም ሳያዘው የበጉን ዓይን በጨው ውሃ አጠበ።

እሁድ፣ ነሐሴ 11
አረፋ አለፈ። ከነቶይባ ጋር ተጋርተን በሬ አረድን፤ በእማዬ ስም የነየትኩትንም በዚያው አደረስኩ። በጉ ጓሮ አለ፣ አንድ ዓይኑን ይዞ። ለሐሳቤ ከላይ የመጣ መልስ የለም... ይመጣ ይሆን? ካልመጣ ደግሜ እጄን አወጣለሁ።
ዛሬ ሸፊ ሱቅ ድረስ መጣ፤ ያ የእኛን በግ ያሳወረው በግ ባለቤት። እኔ ጨው እየመዘንኩ ነው።
«ሙዘይን፣ ና እንጂ። በአንድ ዓይኑም ይዋጋል።»
«ሕግ ይከለክላል።»
«የቱ ሕግ? የት ወጣ?»
«እኛ ቤት ወጥቷል» አለ ሙዘይን። ጫማውን አላየም።