ዘጠና አራት ሰዓት

ውድ አባባ አብዱራሕማን፣

እንዴት ነዎት ብዬ አልጀምርም። በየጁምዓው ለእማዬ ሲደውሉ ድምፅዎ እስከ ኢምፔሪያል ይሰማል፤ ደህና ነዎት። እንደውም ስልኩ ትርፍ ነው፣ ከኮምቦልቻ ገርጂ በባዶው ይደርሳል። ሁሉንም ይጠይቃሉ፣ ድመቷን ሳይቀር። እኔን ግን አይጠይቁም። ይኸው ሦስተኛ ሳምንት።

የሟች ወንድምዎን ልጅ ሐሚዳን በኒካሑ ላይ የሚድሩት እርስዎ ነበሩ። የኮምቦልቻው አውቶቡስ ከላምበረት መናኸሪያ የሚነሳው ከሌሊቱ አሥራ አንድ ላይ ስለሆነ አሥር ላይ መንቃት ነበረብዎት። መንገድ ባለዎት ቁጥር መስኮትዎን የሚያንኳኳው ዘበኛችን ጋሽ ገብረወልድ ነው። የዚያን ዕለት ግን “ዛሬ አትድከም፣ ሳጂዳ በስልኬ ሠርታልኛለች” አሉት። ደረጃው ላይ ቆሜ ሰማሁ። እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

ኮድ የሚጻፍበትን ጃቫስክሪፕት መማር ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። የፈረንጅ ሰዓት በጣትዎ ሲቆጥሩ ሁለቴ ስለሚሳሳቱ (ይቅርታ፣ ሦስቴ) በእኛ ሰዓት የሚቀሰቅስ አፕ ሠራሁልዎት። አሥር ብለው ሲጽፉ ስድስት ደምሮ አሥራ ሁለት እንዲቀንስ አዘዝኩት፤ አራት ይመጣል፣ የፈረንጁ አራት የእኛ አሥር ነው። ለካ አፑ ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ የሚጻፍ ቁጥር ለጃቫስክሪፕት ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ደግሞ አይደመርም፣ ይቀጠላል። 10 ላይ 6 ቀጥሎ 106 አደረገው፣ ከዚያ አሥራ ሁለት ቀነሰለት። ስልክዎ ዘጠና አራት ሰዓትን ሲጠብቅ አደረ። እኔ ስሞክረው ቁጥሩን ኮዱ ውስጥ ነበር የማስገባው፤ አንድ ቀን እንኳን እንደ እርስዎ ሳጥኑ ላይ ጽፌ አላየሁትም።

የቀሰቀሰዎት የሱብሒ አዛን ነው። ኮትዎን ደርበው፣ ሻንጣዎን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። እማዬ ጮኸችብኝ። እርስዎ “ሐሚዳ ምን ትለኛለች?” ብቻ አሉ። ከዙሁር ሶላት በኋላ በስልክ ውክልና ሰጡና የእናቷ ወንድም ዳራት። ስልክ ላይ ቀስ ብለው ሲናገሩ የሰማሁዎት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ግን “ኔትወርክ ይሆናል” አልኩ። ለማይሠራ ነገር ሁሉ ኔትወርክን ስለሚሰድቡ የሚያምኑኝ መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ሄዱ።

ኔትወርክ አልነበረም አባባ። እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። ሲኤምሲ ከምማርበት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ቁጥር አስገባለሁ፣ እስኪጮህ እጠብቃለሁ፣ እንደገና አስገባለሁ። ትናንት ረዳቱ “አንቺ ልጅ፣ ወይ አጥፊው ወይ ውረጂ” አለኝ። ወረድኩ። በእግሬ እየሄድኩ ሞከርኩት።

እሑድ ይመለሳሉ አሉ። አዲሱን አፕ ለሐሚዳ ልኬላታለሁ፣ ስልክዎ ላይ ትጭነዋለች። ሲጮህ “ነቅቻለሁ” የሚል ቁልፍ ይመጣል፤ ሲነኩት እኔ ስልክ ላይ ይታየኛል። ለማንኛውም በርዎን እንድታንኳኳ ነግሬያታለሁ፤ ያኔም ጋሽ ገብረወልድን ማስቀረት አልነበረብንም። ግን እሷ ቀድማ ብታነቃዎትም ቁልፉን ይንኩልኝ። ሌላ ምንም ማለት አይጠበቅብዎትም።

ከአሥር ሰዓት ጀምራ ስልኳን ይዛ የምትቀመጠው፣
ሳጂዳ