አራት ፈረስ ለመጨመር

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ሦስት መኪና ዘይት ቀየርኩ። ሌላ ምንም የለም... አይ፣ አለ እንጂ! በምሳ ሰዓት አለቃን ደግሜ ነዘነዝኩት፤ ሞተር ክፍል አስገባኝ እያልኩ። ሳቀ። ጋራዡ ጥግ የቆመችውን የራሱን አሮጌ መኪና አሳየኝ። «ስልሳ ፈረስ ጉልበት ነው የምትሰጠው። አራት ጨምሪባትና ግቢ። ካንኳኳች ግን እዚያው ዘይትሽ ላይ ነሽ፤ ሁለተኛ እንዳትነዘንዢኝ!» አፌ መች ያርፋል፣ «እሺ» አልኩ። ምን ነካኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 8

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ፒስተኑ አየሩንና ቤንዚኑን የሚያምቀው ስምንት እጥፍ ነው። አሥር እጥፍ ቢያምቀው ያው ቤንዚን ሲቀጣጠል ይበልጥ አጥብቆ ይገፋዋል። ከበዛ ደግሞ ያለጊዜው ይፈነዳና ሞተሩ ያንኳኳል። ስለዚህ ቴስታውን፣ የሞተሩን ክዳን፣ ትንሽ አስልጎ የሚታመቅበትን ቦታ ማጥበብ ነው። በሲሪንጅ ዘይት እየጨመርኩ የቴስታውን ጉድጓዶች ይዘት ለካሁ፣ አሰላሁ፣ ብረት የሚላግበት ቶርኖ ቤት ወስጄ አስላግኩት።

እማዬ፦ «ለአራት ፈረስ ነው እንዲህ የጠቆርሽው? ስልሳው አይበቃም?»

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ገጥሜ የፈረስ ጉልበት መለኪያው ላይ አወጣኋት፤ ስልሳ ሁለት። ስልሳ ሁለት ብቻ! አለቃ ቁጥሩን አየና ሻዩን መጠጣቱን ቀጠለ። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር። ሁለቱ የት ገቡ?

እሑድ፣ ጥር 11

ፀጉሬን እየታጠብኩ ጮህኩ። ጓርኒሲዮኑ! ቴስታውና ብሎኩ መሃል የሚነጠፈው! ውፍረቱን ሒሳብ ውስጥ አላስገባሁትማ! ለካ ዘጠኝ እጥፍ ብቻ ነው ያመቀው። እማዬ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ የገባ መስሏት እየሮጠች መጣች። ከነአረፋዬ አቅፌ አሽከረከርኳት።

«አብደሻል እንዴ?»

አዎ!

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ድጋሚ አስላግኩት። ሦስቴ ለካሁ። «ካበዛሽው መኪናዬን ገደልሻት» አለ አለቃ። ፈርቻለሁ... በጣም።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ጎማዎቹ መለኪያው ሮለር ላይ። ነዳጁን ረገጥኩ። ጆሮዬን ቀሰርኩ... ታንኳኳ ይሆን? አላንኳኳችም! ስልሳ አራት! ስልሳ አራት!! አለቃ አላመነም፤ ራሱ ገብቶ ሁለቴ ለካ። ያው ስልሳ አራት። «ግቢ በይ» አለኝ። እየዘለልኩ ገባሁ፣ ምን አፍራለሁ!

ቅዳሜ፣ ጥር 17

ሞተር ክፍል፣ ሁለተኛ ቀኔ። አንድ ደንበኛ የተፈታ ሞተር አመጣ። አለቃ እንዲህ ያለውን ሁሌ ብቻውን ነው የሚወስነው፤ ማንንም ጠይቆ አያውቅም። ዛሬ ቴስታውን አገላበጠ፣ አገላበጠና «ስንት እጥፍ እናርገው?» አለ። ማንን ነው? ዞር ብዬ አየሁ። ከኋላዬ ያለው ግድግዳ ነው። እኔን ነው! እኔን!!

«መጀመሪያ ልለካው» አልኩ።

«ለኪው» አለና ቆሞ ጠበቀኝ።