ለጣውላው የተሰጠ ወንበር

የሆዴ ልጅ ቶኮዛኒ፣

አምላክ ከማንችስተር ብርድ ይሸሽግሽ፤ የልጆችሽንም አንገት ከስልካቸው ቀና ያድርግልሽ። እኔ፣ የተከዳ ሰው ደኅና የሚሆነውን ያህል፣ ደኅና ነኝ።

እዚህ ደርባን ማንጎው ደርሷል። የጎረቤታችን የማንኮሲ ጉልበትም ተሽሎታል። በታኅሣሡ በጋ መኪና ተከራይታችሁ የባሕሩን ዳር ይዛችሁ እስከ ኬፕታውን እንደምትወርዱ ልጅሽ ሉንጌሎ፣ እንደ ልማዱ አያቱን "ጎጎ" እያለ፣ በስልክ አበሰረኝ።

"እኔስ የት ነው የምቀመጠው?" አልኩት።

"ጎጎ፣ ቦታ የለም እኮ። የኋላው ወንበር ላይ የማዕበል መንሸራተቻ ጣውላዬ ይተኛል።"

"እናትህስ ምን አለች?"

"ጎጎ ለመንገድ ስንቅ ዶሮ ትጥበስልን ብላለች።"

ልጄ፣ በጀርባዬ አዝዬሽ ያንን ባሕር መጀመሪያ ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። ዛሬ ለጣውላ ወንበር ተሰጠው፣ ለእኔ ምድጃ። የእኛን ደንብ ረስተሽው ከሆነ ላስታውስሽ፤ ስንቁን የጠበሰች ሴት ስንቁን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትጓዛለች።

ስለዚህ ዶሮዋ ትጠበሳለች፣ እንቁላልም ይቀቀላል። ነገር ግን ያለ እኔ ከደጃፌ አይወጡም። እባክሽ ጣውላውን መኪናው ጣሪያ ላይ እሰሩት፤ እሱ እንደሆነ ጉንፋን አይዘውም።

እግዜር መንገዳችሁን ያቅናው። መንገዳችንን ማለቴ ነው።

እናትሽ