አስራ አንደኛው ገጽ

ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.
አምቦ

ለአባቴ ለመምህር ጉተማ
ጋምቤላ

አባዬ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ ቀኑ ከላይ፣ ከዚያ ቦታው፣ ከዚያ ሰላምታው ብለህ ያስተማርከኝ አልጠፋኝም። ሰላምታው ላይ ግን ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። አምስት ዓመት ሙሉ ስልክህን ያላነሳች ልጅ «እንደምን ሰነበትክ» ብላ ብትጀምር አንተው ራስህ በቀይ እስክሪብቶ ታሰምርባት ነበር። ስለዚህ ደህና ነህ ብዬ ልመን። እኔ ደህና ነኝ። እማዬም እዚያው ጎጆ ከተማ አለች፤ ብርዱ ጉልበቷን ይዟታል እንጂ ድንቿንም በጎቿንም አልተወችም።

ይህን የሚያመጣልህ ሙሂዲን ይባላል፤ የጓደኛዬ የሰኪና ወንድም ነው። ወደ ጋምቤላ ዕቃ ይጭናል። ከደብዳቤው ጋር አንድ ፖስታ ይሰጥሃል። እሱን አሁን አትክፈተው፤ መጀመሪያ ይህን ጨርስ። ገና ደብዳቤውን ሳትጨርስ ፖስታው ውስጥ እጅህን እንደምትከት አውቃለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ አማርኛ ነው የማጠናው። አንተ ያስተማርከውን ትምህርት መምረጤን ሰው ሲጠይቀኝ «ደረሰኝ» እላለሁ፤ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነበር። የሥነ ጽሑፍ መምህራችን ማኅሌት አመዛዛኝ ድርሰት ጻፉ አለችን። አንድ አጭር ልቦለድ አንብበን፣ አቋም ይዘን፣ ለእያንዳንዱ ነገር ገጽ እየጠቀስን የምንሟገትበት ነው። ፎቶ ኮፒውን ስታድለን የመጀመሪያዋን መስመር አየሁና ወረቀቱን ወደ ዓይኔ አቀረብኩት። «አውቶቡሱ የቆመው ለእሱ ብቻ ነበር።»

አወቅከው አይደል? ያ ሽፋኑ የተገነጠለው መጽሐፍህ ውስጥ ያለው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ከተማው ጉም ሲለብስ፣ በጋቢህ ጠቅልለህ ከጎንህ ታስቀምጠኝና አማርኛውን በዓይንህ እያየህ በኦሮምኛ ታወራልኛለህ። ያኔ አማርኛ ብዙም አይገባኝም ነበር። አንተ ግን ከገጹ ቀና ሳትል፣ አንዴም ሳትደናቀፍ ነበር የምትመልሰው። ከአንተ በኋላ ስንት አስተማሪ አይቻለሁ፣ እንደዚያ የሚያነብ አላጋጠመኝም። ጋቢህ ጠመኔ ጠመኔ ይሸት ነበር። አሁንም ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ሲጠረግ ያ ቅዳሜ ይመጣብኛል፣ ከዚያ መምህሯ የምትለውን አልሰማም።

ታዲያ ፎቶ ኮፒውን ማንበብ ምን አስፈለገኝ? ሌሎቹ እያሰመሩ ሲያነቡ እኔ በአንድ ቀን ጽፌ ጨረስኩ። አቋሜ «ሚስቱንና ልጁን ትቶ የሄደው ሰው በደለኛ አይደለም» የሚል ነበር። ማስረጃዬ መጨረሻው ነው፤ በነሐሴ፣ ጫማው ጭቃ እንዳይበላው በእጁ ይዞ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ወደ ቤቱ ሲመለስ። በትእምርተ ጥቅስ አስገብቼ ቃል በቃል ጻፍኩት።

ማኅሌት አንድ ደንብ አላት። ድርሰትህን ጓደኛህ ጮክ ብሎ ያነብብልሃል፤ አንተ ትሰማለህ እንጂ አፍህን አትከፍትም። ለእኔ የደረሰችኝ ሰኪና ናት። አባቷ ከደቡብ መጥተው አምቦ የከረሙ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ስለተወለደች ኦሮምኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ነገር ማለባበስ አታውቅም። እያነበበች መጣችና እዚያ ቦታ ላይ ቆመች።

«ሃዋኒ፣ ይሄ ስንተኛው ገጽ ላይ ነው?»

መናገር ክልክል ስለሆነ አስሩንም ጣቶቼን አሳየኋት፣ ከዚያ አንድ ጨመርኩ።

«ታሪኩ እኮ አስር ገጽ ነው» አለች።

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ኮፒው የጎደለ መስሎኝ ነበር። ሰኪና ግን አስረኛውን ገጽ ዘርግታ አነበበችልኝ። ልጅቷ መንገድ ዳር ቁጭ ብላ አባቷን ትጠብቃለች። «አውቶቡሱ ሳይቆም አለፈ» ይልና እዚያው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

«ደግሞ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ታሪኩ ቆላ ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ቀን አልዘነበም። ጭቃውን ከየት አመጣሽው?»

ጭቃው የከተማችን የጎጆ ነው፣ አባዬ። ከአንተ አፍ ነው ያመጣሁት። ስንት ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ውስጥ አለ ብዬ ያመንኩት ሰውዬ የአንተ ፈጠራ ኖሯል።

አፈርኩ ብልህ ደስ ባለኝ፤ የተሰማኝ ግን ንዴት ነበር። ዶርም ገብቼ አቋሜን ገለበጥኩትና ሰውየውን አንድ በአንድ ከሰስኩት። ከሃዲ አልኩት፣ ራስ ወዳድ አልኩት፣ ስምንት ዓመት ልጁን ሊያይ ያልመጣ አልኩት። ሲያልቅ እጄ ዝሎ ነበር። ጥሩ የጻፍኩ መስሎኝ ነበር ደግሞ።

ሰኪና ያንን በእርሳስ አርማ መለሰችልኝ። «ስምንት ዓመት» የሚለውን ከብባ «በታሪኩ ሰውየው ከሄደ ገና ስድስት ወሩ ነው። ይሄ የማን ነው?» ብላለች። ከግርጌ ደግሞ «መጀመሪያ ጠበቃው ነበርሽ፣ አሁን ዳኛው ሆንሽ። ልጅቷስ የት ገባች?»

«ድርሰቱን ነው የምታርሚው ወይስ እኔን?» አልኳት።

«አንቺ ነሽ እንዴ እዚህ ወረቀት ላይ ያለሽው?» አለችኝ።

ሁለት ቀን አኮረፍኳት። ኩርፊያዬን ታውቀዋለህ፤ አጥብቄ እይዛለሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ያን አስር ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሴ ዓይን አነበብኩት። አባዬ፣ ደራሲው ለሰውየው ስም ሰጥቷል፣ ለሾፌሩ እንኳ ስም ሰጥቷል፤ ለልጅቷ ግን አልሰጣትም። የሚናገርላትም ሦስት ቦታ ብቻ ነው። እግሯን ታጥባ ትወጣለች። ለሚያልፈው ሁሉ «ይመጣል» ትላለች። በመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩ ስለ አውቶቡሱ ሲሆን እሷ እዚያው ናት። ሦስተኛው ድርሰቴ ስለ እሷ ነው። ሰውየው በደለኛ ነው አይደለም የሚለውን ትቼ፣ ታሪኩ የቀረችው ልጅ ታሪክ ነው ብዬ ተሟገትኩ። ደራሲው ያልቋጨውም እኛም ከእሷ ጋር እንድንጠብቅ ነው አልኩ። ሰኪና አንብባ ስትጨርስ ገጾቹን አንድ በአንድ አመሳክራ «አሁን ታሪኩን አነበብሽው» አለችኝ። ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው።

ግን አላለቀም። ማኅሌት «ሐሳባችሁን ለምን እንደቀየራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉና አያይዙ» ብላናለች። ይኼ ገጽ ነው የገደለኝ። ስቀመጥለት፣ የረሳሁት ነገር መጣብኝ።

ጫማውን የያዘውን ሰውዬ የጨመርክልኝ፣ ታሪኩን መጀመሪያ ያወራኸኝ ቀን ስላለቀስኩ ነው። «ቆይ፣ አላለቀም» ብለህ ገጹን የገለጥክ መስለህ ቀጠልክልኝ። ከዚያ በኋላ ሁሌም ትጨምረው ነበር። የመጨረሻዋ ቅዳሜ ግን፣ በ2007 ነሐሴ፣ ዕቃህ ታስሮ በር ሥር ተቀምጦ ሳለ፣ ያንን አውራልኝ አልኩህ። አወራኸኝ። «አውቶቡሱ ሳይቆም አለፈ» አልክና መጽሐፉን ዘጋኸው። እኔ ቀሪውን ስጠብቅ «ሂጂ እናትሽን አግዢ» አልከኝ። ለአንድ ዓመት ነው ጋምቤላ የምሄደው ብለህ ነግረኸን ነበር፤ ያን ቀን ግን ልትዋሸኝ አልቻልክም። አስራ አንድ ዓመቴ ስለነበር አልገባኝም። አሁን ገብቶኛል፣ በጣምም ከፍቶኛል።

ያን አንድ ገጽ ለማኅሌት መጻፍ አቃተኝ። ለእሷ አጭሩን ሰጠኋት፤ ረጅሙ ይህ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጎጆ ሄጄ ለእማዬ ታሪኩን በኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። ድንች እየለቀመች ትሰማኝ ነበር። ስጨርስ «ሳና ቦዳ ሆ?» ብላ የሚቀጥለውን ጠየቀችኝ። ከዚያማ የለም፣ አለቀ አልኳት።

«እንዴት ያልቃል?» አለች። «ጫማውን ይዞ የሚመጣውስ?»

እሷም ትሰማህ ነበር ለካ። ከአምስት ዓመት በፊት እዚያ ቤተሰብ እንደመሠረትክ ከሰማን ወዲህ ስምህን ጠርታ አታውቅም፤ አልጠራችውም አሁንም። ብቻ የምረቃ ጥሪ ካርዶቼን አይታ «ስንት ነው የሚሰጡት?» አለችኝ። ሁለት አልኳት። «አንዱ ይበቃኛል» ብላ ድንቿን ቀጠለች። እኔም ሌላ አልጠየቅኳት።

ሁለተኛው ካርድ ፖስታው ውስጥ ነው። ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ። እማዬ አጠገብ እንድትቀመጥ አላስገድድህም፣ እሷንም አላስገድዳትም። ሁሉን ረስቻለሁም አልልህም፤ ብል ሰኪና ገጹን ትጠይቀኛለች። ግን አባቴ ሳያየኝ መመረቅ አልፈልግም። ይኸው ነው፤ ይህን ለመጻፍ አምስት ዓመት ፈጀብኝ።

እዚያ ያሉትን ታናናሾቼን ሳምልኝ። ስማቸውን ከሰው ሰምቻለሁ፤ ከአንተ ብሰማው ይሻለኛል። ይህን ታሪክ ታወራላቸዋለህ? ለእነሱ ቆላው አዲስ አይሆንባቸውም፤ ጭቃውን ግን እንዴት አድርገህ እንደምታስረዳቸው እንጃ።

አሁን ፖስታውን ክፈተው። ድርሰቱ አለ፣ ጠርዙን ሰፋ አድርጌ ትቼልሃለሁ፤ ቀዩን እስክሪብቶ አትቆጥብ። ታሪኩም አለ፣ አስሩም ገጽ። ከኋላው አንድ ባዶ ወረቀት አያይዤ ቁጥሩን ጽፌበታለሁ፤ አስራ አንድ። በማኅሌት ደንብ የጻፈ ሰው ሲነበብ ዝም ይላል። እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ፣ ዝም ብያለሁ።

እግዜር ከቆላው ወባ ይጠብቅህ። አንተም ካለህበት መርቀኝ።

ሐምሌ አምቦም ጭቃ ነው፣ አባዬ። ጫማህን በእጅህ ያዘው።

ልጅህ
ሃዋኒ ጉተማ