«ገበያ እንዴት ነው?» ሲሉን የምንመልሰው

ሰኞ

የልጄ አማካሪ ሥራዋን መልሶባታል! ያ ሁሉ ፀሐይ ላይ መዞራችን ከንቱ ሆነ። ማሂ ልጄ የማስተርስ ጥናቷን የምትሠራው በእኛ ነው፦ በሐይቅ ዳሯ ከተማችን የፒያሳ ባለሱቅ ሴቶች ገበያ ሲቀዘቅዝ እንዴት እንደምንቋቋም። ባለፈው ሳምንት መጠይቁን ለሙከራ ይዛ ስትወጣ እኔ የልጅ ልብስ ሱቄን ዘግቼ አብሬያት ዞርኩ። «ልጄ ናት፣ አደራ፣ ጥሩ አድርጋችሁ መልሱላት!» እያልኩ። ለስላሳ ያልከፈተልን የለም። አማካሪዋ ግን መልሶቹን አየና «ፒያሳ ላይ ገበያ የቀዘቀዘበት ሰው የለም ማለት ነው? ታዲያ ምን ልታጠኚ ነው?» አላት። እስከ ዓርብ የተሻለ ካላመጣች ርዕሱን ትቀይራለች። ምሳዋን እንኳ አልነካችም።

ማክሰኞ

አልዋሸንም እኮ! ማሂ ጎረቤቴን ዘሃራን «ገበያ እንዴት ነው?» ስትላት «አልሐምዱሊላህ» አለች። እኔም ብሆን «ጌታ ይመስገን» ነው የምለው። ሌላ ምን ይባላል? ማሂ ስታስብ ዋለችና «እማ፣ የጠየቅኩት ሰላምታ ነው። ሰላምታ ተመለሰልኝ» አለች። እሰይ ልጄ! አዲሱ ጥያቄዋ፦ «ምንም ሳይሸጡ የገቡበትን አንድ ቀን ይንገሩኝ።» አነበብኩና ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

«ሌላም አለ፣ ግን እንዳትቀየሚኝ» አለች። እኔ አጠገቧ ከተቀመጥኩ ሰው የሚመልሰው ለእኔ ብሎ ነው። «ጎረቤቱ ፊት ማን ገበናውን ያወጣል?»

ተቀየምኩ። ሽሮው ያለ ጨው ወጣ። ሆን ብዬ አይደለም።

ሐሙስ

አልሄድም አልኩ፣ አልሄድኩም። ተነሥቼ ግን ነበር። ማሂ ፊት ለፊቴ ወዳለው የዘሃራ መጋረጃ ሱቅ ገባች። በመስታወቱ ሁሉም ይታየኛል። ዘሃራ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ ማውራት ጀመረች፣ ማን ያስቁማት! በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ደግሞ በጣቷ ጠቆመች። ወደ እኔ ሱቅ! ምን አደረግኳት?

ማሂ ስትወጣ በር ላይ ያዝኳት።

«ስለ እኔ ምን አለች?»

«አይነገርም እማ። ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ።»

«ለእናትሽም?»

«በተለይ ለአንቺ!»

ዓርብ

«ቀጥዪ» ብሏታል! እልልል! አማካሪዋ ካነበበ በኋላ «እነዚያው ሴቶች ናቸው?» ብሎ ጠየቃት አለችኝ። ከሐይቁ ዳር ትኩስ ዓሣ ገዝቼ ገባሁ። ጨውም አልረሳሁም።

ቅዳሜ

የእኔ ተራ። ማሂ «እናቴን ራሴ አልጠይቅም» ብላ የክፍል ጓደኛዋን ላከችብኝ።

«እትዬ፣ ምንም ሳይሸጡ የገቡበትን አንድ ቀን ይንገሩኝ።»

«ጌታ ይመስ...» ብዬ አቆምኩ።

ነገርኳት። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ምንም ሳልሸጥ ውዬ፣ ሱቁ በቃኝ ብዬ ቁልፉን ለአከራዬ ልመልስ ስወጣ፣ ዘሃራ ከበሯ ጠራችኝ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ እግሯ፣ ስለ ምኑም ስለ ምኑም ስታወራኝ መሸ፤ ቁልፉን ይዤ ቤቴ ገባሁ። በማግስቱ ሱቄን ከፈትኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለራሷ ለዘሃራም። ሳወራ ለካ እጄ ወደ እሷ ሱቅ እየጠቆመ ነው!

ልጅቷ ገና ከመውጣቷ ዘሃራ መንገዱን አቋርጣ መጣች።

«አስቱ! ስለ እኔ ምን አልሽ?»

«አይነገርም!»

እስኪያመን ሳቅን። ሰኞ ምሳ አብረን እንብላ ብላኛለች። ማን ቀድሞ እንደሚናገር እንጃ።